መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያስተማርኩበት ቅዳሜ

በዚያ ክፍል ክብ ሠርተን ከተቀመጥነው ሴቶች መካከል እናቴ መሞቷን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ሁሉ ያውቃሉ። ስሟን አጥርተው መጥራት የማይችሉት፣ ደሴን ካርታ ላይ ፈልጉ ቢባሉ ኬንያ ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉት አሜሪካውያን እንኳ ያውቃሉ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ፣ እኛ አገር የሞት ወሬ እንዴት ባለ ጥበብ እንደሚደበቅና እንደሚነገር በኩራት አስተምራቸዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ! ራሴ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሉባባ እባላለሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ከድር ዲቪ ሲደርሰው ልጃችንን ሀያትን ይዘን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ገባን፤ የምንኖረውም ብሌንደን ታውንሺፕ አፓርትመንት ተከራይተን ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ እየለቀምኩ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ። ሃምሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሲናገር የኖረ ሰው ካርቶን ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ካላወራሁ ወይም ካላነበብኩ የምታመም ዓይነት ነኝ።

መላ ያገኘችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ብሩክታዊት ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አንደበቷም እጇም የማያርፍ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ «ሉቢ፣ ላይብረሪው በነፃ መጽሐፍ የሚያነብልሽ አፕ አለው። ዳውንሎድ አድርጊና እየሠራሽ ስሚ» አለችኝ።

ሥራ ላይ ማዳመጫ መሰካት ክልክል ነው። ይሁን እንጂ አላህ ሂጃብን በብዙ ምክንያት ነው ያዘዘው፤ ሱፐርቫይዘራችን ፊቴን እንጂ ጆሮዬን አይቶት አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የአሜሪካ ሴቶች የጻፉትን ልቦለድ በጆሮዬ ጠጣሁት። ባሏን ጥላ የምትሄደው፣ እናቷ የደበቀቻትን እህት የምታገኘው፣ የሟች አክስቷን ቤት ስታጸዳ የቤተሰቡን ጉድ የምታወጣው፣ ሁሉንም። አንዳንዷን እየሰማሁ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዷን ደግሞ «ምን ጎደለሽ አንቺ ጥጋበኛ!» እያልኩ ካርቶኑን በቴፕ እጠፍራለሁ። ብሩክቲ ይህን ባየች ጊዜ ጆአን ዘንድ ወሰደችኝ።

ጆአን ብሩክቲን ኮሌጅ ያስተማረቻት ጡረተኛ ፕሮፌሰር ናት። ቤቷ አፐር አርሊንግተን ነው፤ ዕድሜ ልኳን ያስተማረችው የሴቶችን ልቦለድ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ በእኛ በኩል ባለው ላይብረሪ ሴቶችን ሰብስባ ታነብባለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ገና እጄን እንዳወጣሁ፣ «ቀጥዪ፣ አታቋርጪ» አለችኝ። ኦሃዮ ከገባሁ ጀምሮ ቀጥዪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወደድኳት።

ጆአን መጽሐፍ ስታስነብብ ታሪኩን ብቻ ይዛ አትሄድም፤ መጽሐፉ ከየት እንደመጣ ትናገራለች። በእናቷ ዘመን ሐኪሙ የሚስትን በሽታ ለባል ይነግርና ለሚስትየዋ ዝም የሚልበት ጊዜ እንደነበረ ያወቅሁት ከእሷ ነው። «እናቴ ካንሰር ነበረባት» አለችን አንድ ቀን። «ሐኪሙ ለአባቴ ነገረው። አባቴ 'የጨጓራ ቁስለት ነው' አላት። እናቴ ምን እንደገደላት ሳታውቅ ሞተች። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እኔም አላወቅሁም። የኔ ትውልድ ሴቶች ብዕር ሲያነሱ ለምን የተቆለፈ መሳቢያ ሲከፍቱ እንደኖሩ አሁን ይገባችኋል?» ከዚያ በኋላ ጥቁር ሴቶች ስለ አያቶቻቸው የተደበቀውን ጻፉ፣ ቀጥለው ከሌላ አገር የመጡ ሴቶች ልጆች እናቶቻቸው የዋጡትን ጻፉ፣ በፈረንጆቹ 2020 ክረምት የጥቁሮችን መገደል ተቃውሞ ሰው ሁሉ ሰልፍ ሲወጣ ደግሞ አገሩ በሙሉ እነዚህን መጽሐፎች አዘዘ። «ከተነበቡት የተገዙት ይበልጣሉ» ብላ ሳቀች ጆአን። ያም ሆነ ይህ፣ ለእሷ የአሜሪካ ሴት ልቦለድ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው፤ ሴት ስለራሷ ሕይወት ከሁሉም ኋላ የምታውቅ መሆኗ ማብቃት አለበት የሚል ነው።

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም ነበር። ምክንያቱ እናቴ ናት።

እማ፣ ሰፈሩ እትዬ ዘሃራ የሚላት፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ መርዶ ሲኖር ተፈልጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራታል። የራሷ ሕግ ነበራት። መርዶ የሚረዳው ሰው ምግብ ቀምሶ ይሁን፣ ከመርዶ በኋላ አፉ አይከፈትም ትላለች። መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ከወንበር የወደቀ ይሰበራልና። ጠዋት ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲከበው። ሁለት ጠንካራ ሴቶች በግራና በቀኝ ይቀመጡ። ወሬው ከቤት ውጭ፣ በመንገድ፣ በባዳ አፍ እንዳይደርሰው ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ይዝጋ። እማ ይህን እንደ ሙያ ነበር የምትይዘው። ልጅ ሆኜ እየተከተልኳት ብዙ አይቻለሁ።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2021 መጸው ኮቪድ ያዘኝና ሳንባዬን አደከመው። ሆስፒታል ተኛሁ፣ ኦክስጅን ተሰካልኝ። ስወጣም ማታ ማታ ኦክስጅን ተሰክቶልኝ ነው የምተኛው፤ ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ እቀመጣለሁ። በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ስልክ ተቋረጠ። እማ ስኳር አለባት። መድኃኒት ታገኝ ይሆን፣ ትበላ ይሆን፣ እያልኩ ከሳንባዬ ይልቅ እሷ አስጨነቀችኝ። ኋላ ስልኩ ሲከፈት ከድር፣ «ተመስገን፣ ደህና ናቸው። የእማ ስልክ ግን በግርግሩ ጠፍቷል» አለኝ።

እህቴ ጦይባ ጋ እደውላለሁ። እማን አገናኚኝ እላታለሁ። እማ ተኝታለች። እማ ጎረቤት ቡና ጠርተዋት ሄዳለች። እማ መስጊድ ናት። ጉልበቷ ከደጃፍ የማያሳልፋት እናቴ በአንድ ወር ውስጥ ዘዋሪ ሆነችብኝ። አልጠረጠርሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጠርጥሬ ነበር። ግን ከድር በየጠዋቱ ከሶላት በኋላ ከአጠገቤ ተቀምጦ፣ እኔ «ያ ረቢ፣ ለእማ ጤና ስጣት» ስል እሱ «አሚን» ይላል። እንዲህ የሚል ባል ይዋሻል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ለጥር ወር የተመረጠው መጽሐፍ ከጆአን እናት ታሪክ ጋር መንትያ ነበር። ስሙን አልጠራላችሁም፤ ብጠራው ትገዙታላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለጠላቴም አልመኘውም። ባልና ሐኪም ተማክረው በሽታዋን የሚደብቋት የቤት እመቤት ታሪክ ነው። ልጇ ሰምታ ትነግራታለች። እመቤቲቱ ሽርጧን ፈትታ፣ መኪና አስነሥታ ወደ ባሕር ትነዳለች። ሁሉም ሴቶች ባልየውን ሊዘለዝሉት እንደተዘጋጁ ስላወቅሁ፣ «በዚህ ወር እኔ ልናገር፤ የሚደብቁትን ወክዬ እከራከራለሁ» ብዬ ከወር በፊት ተመዝግቤ ነበር።

ያን ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። ብሩክቲ መጥታ ወሰደችኝ። ከድር በሩ ላይ፣ «ቀስ ብላችሁ ንዱ። አትቸኩሉ» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የነገራት። መንገድ ላይ ብሩክቲ አንድ ቦታ ቆማ ዳቦና እንቁላል ገዛችልኝና ካልበላሽ አልነዳም አለችኝ።

«ቁርስ በልቻለሁ እኮ!»

«ድገሚ። ሳንባ ምግብ ይፈልጋል።»

በላሁ። ምን ዓይነት ደግ ጓደኛ ናት አልኩ።

ላይብረሪው ውስጥ ያን ጊዜ ማስክ ግዴታ ነበር። አሥር የምንሆን ሴቶች ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ከግማሽ ፊት በላይ የሚታይ የለም፣ ዓይን ብቻ ነው። ስገባ ሁሉም ዓይኖች ወደ እኔ ዞረው ወዲያው ወደ መሬት ወረዱ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጡረተኛ ነርስ እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ አቆየችው። ስላገገምኩ ነው አልኩ።

ጆአን ድምፅዋ የሻከረ ነበር። «ሉባባ፣ ደክሞሽ ከሆነ ሌላ ጊዜ...» ብላ ጀመረች።

«ደክሞኝ? ወር ሙሉ ነው የተዘጋጀሁት!» አልኩና ተነሣሁ።

እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩ! ያን ቀን አፌ የተባረከ ነበር። «እናንተ የሞት ወሬ በስልክ ትነጋገራላችሁ» አልኳቸው። «ሰውዬው ሱፐርማርኬት ተሰልፎ ቲማቲም ይዞ ይሰማል። ቲማቲሙን ከፍሎ ይወጣል። እኛ ግን ሰውን ከነሐዘኑ ብቻውን አንተወውም።» ከዚያ እናቴን አመጣሁላቸው። ምግቡን፣ መሬቱን፣ ጠዋቱን፣ ሁለቱን ሴቶች፣ አንድ በአንድ። እማ እንዴት እንደምትገባ፣ መጀመሪያ ስለ ዝናብ እንደምታወራ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን» ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚወርድ በድምፅዋ አስመስዬ አሳየኋቸው። «አንድ ሰው ለሳምንታት ላያውቅ ይችላል» አልኩ። «ሁሉም ያውቃሉ፣ እሱ ብቻ ይስቃል። ይህ ማታለል ይመስላችኋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ እነዚያ ሳምንታት ስጦታ ናቸው። ሰፈሩ ሐዘኑን ተሸክሞለት ይቆያል።»

ነርሷ ተነሥታ ወጣች። ሌላዋ ሴት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ያዘች። ብሩክቲ ጫማዋን ታያለች። እኔ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። አየሽ ሉባባ፣ አልኩ ለራሴ፣ አስለቀስሻቸው። ካርቶን የሚያሽገው እጅሽ እንጂ አፍሽ አልሞተም።

ጆአን አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ሉባባ፣ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ሳይሆን ስለ ራስሽ ንገሪኝ። አንቺ ብትሆኚስ? ስለ እናትሽ ቢሆንስ? ያንን ትመርጪያለሽ?»

ማሞቂያው ሲነፋ ይሰማል።

«እንዴታ!» አልኩ። «አላህ ያቆያት እንጂ፣ የእናቴን ሞት በወገኖቼ መካከል መሬት ላይ ተቀምጬ እንጂ በባዳ አፍ መስማት አልፈልግም። ከዚያ በፊት የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ይቅር አልለውም።»

ጆአን ራሷን ነቀነቀች። እንደተግባባን ነበር የቆጠርኩት።

ስንጨርስ ብሩክቲ መኪናውን ላሙቅ ብላ ቀድማ ወጣች። እኔ ኮቴን ለብሼ ስወጣ ጆአን ተከተለችኝ። የላይብረሪው መውጫ ሁለት የመስታወት በር አለው፤ በሁለቱ መካከል ብርድ እንዳይገባ የተሠራች ጠባብ ቦታ አለች፣ ወለሏ በጨውና በበረዶ ውሃ የጨቀየ። እዚያ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ማስኳን አወለቀች።

«ጠየቅሁሽ፣ መለስሽልኝም» አለች። «አውቃለሁ። ግን ቆመሽ ስትስቂ ማየት አልቻልኩም። እናትሽ ሞታለች፣ ሉባባ። ኖቬምበር ላይ ነው። ብሩክቲ ለሁላችንም ነግራን፣ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት እንዳቆይሽ ለምናኝ ነበር፤ ቤትሽ ሰው እየተሰበሰበ ነው። ሴት ልጅ ስለ እናቷ ከሁሉም ኋላ ማወቅ የለባትም። የለባትም።»

አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ፣ ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት ይዛ በመካከላችን አለፈች። «ኤክስኪውዝ ሚ» አለች። ገለል አልንላት።

«ታንክ ዩ» አልኳት ለጆአን። ወላሂ፣ ያልኩት ይህንን ነው። በእንግሊዝኛ ሰው አንድ ነገር ሲሰጥህ የምትለው እሱን ነውና። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ ሁለተኛውን በር ገፍቼ ወጣሁ።

መኪናው ሞቆ ነበር። ተቀመጥኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ብሩክቲ፣ «አቤት ስትናገሪ! ገደልሻቸው እኮ!» አለችኝ።

ያኔ እንቁላሉ፣ «አትቸኩሉ» የሚለው፣ የነርሷ እጅ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የእማን ሕግ አንድ በአንድ እየፈጸሙብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እየተፈጸመብኝ እዘረዝረዋለሁ። አላለቀስኩም። ከለቅሶው በፊት ክፋት መጣ።

«ብሩክቲ» አልኩ፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ «እማ ዛሬ ትገኝ ይሆን? ስገባ ጦይባ ጋ ልደውል።»

ማሞቂያውን ጨመረች። «ደውዪ... አዎ። ከድር ያገናኝሻል።»

«ልደትሽ ላይ የላከችልሽን ምርቃት ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት አላስታውስ።»

«እማ እዚህ ልትጠይቀን ስትመጣ እኔ ጋ ብቻ አይደለም፣ አንቺም ጋ ታድራለች። ቃል ግቢልኝ።»

«ሉቢ... ጋዝ ልቅዳ» አለችና ታንኩ ሙሉ የሆነ መኪና ይዛ ነዳጅ ማደያ ገባች። ወጥታ ከፓምፑ ጀርባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ትከሻዋ ሲነሣ ሲወድቅ አየሁት። ደስ አለኝ። ይህን ስነግራችሁ ራሴን ላሳምር አልፈልግም፤ ጓደኛዬ ስታለቅስ ደስ አለኝ። ቤት እስክንደርስ ስለ እማ መምጣት አወራሁላት። የምትተኛበትን አልጋ፣ የምትወደውን ሻሂ። እያንዳንዱን ቃል እንደ መርፌ እየመረጥኩ።

አፓርትመንቱ ፓርኪንግ በማውቃቸው መኪኖች ተሞልቷል። ደረጃውን ሁለቴ ሳልቀመጥ ወጣሁ። በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል፤ ሶፋችን ወደ በረንዳ ወጥቶ በረዶ ላዩ ላይ ይወርዳል። ሳሎኑ ምንጣፍ ብቻ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ተነሥተው በግራና በቀኝ ያዙኝና አስቀመጡኝ። ልክ እንደ እማ ሕግ ነው፣ ምንም አልጎደለም።

የከተማችን ሽማግሌ ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሉባባ፣ መንገዱ እንዴት ነበር? በረዶው በዛ» አሉ። እማ በዝናብ ትጀምር ነበር፤ እሳቸው በበረዶ ጀመሩ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ዱንያ ለማንም አልሆነችም፣ ልጄ። እናትሽ ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ሴቶቹ ጮኹ። ክንዴን የያዙት ሴቶች እንዳልወድቅ አጥብቀው ያዙኝ። እኔ አልወደቅሁም። ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ጩኸቱ አንድ ዙር ሄዶ፣ የእኔን ድምፅ ሲያጣ እየቀነሰ እየቀነሰ መጣና ቆመ። አፈጠጡብኝ።

«ጩኺ ልጄ» አለች በቀኜ ያለችው። «አትያዢው፣ ይገልሻል።»

ከድር ከወንዶቹ መካከል ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ተቀምጧል።

«ከድር» አልኩት። ቀና አለ። «ዛሬ ጠዋት እማን ጤና ስጣት ስል አሚን ያልከው ለማን ነው?»

እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«እኔ... እኔ በልቤ ጀነት ስጣት እያልኩ ነው አሚን የምለው» አለ። «ወላሂ ሉባባ፣ አንድም ቀን አልዋሸሁም። በልቤ ለነፍሷ ነበር።»

አያችሁ? ከአንድ ወር በላይ አንድ ሰጋጃ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ለአንዲት ሕያው ሴት፣ እሱ ለአንዲት ሟች እንለምን ነበር። ትከሻችን እየተነካካ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ሳንባዋ ይዳን፣ ለቅሶ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃ ነው የመጣችው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «ማን ነገረሽ?»

«ጆአን» አልኩ። ብሩክቲ በሩ ላይ ቆማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ፈረንጅ አረዳቻት!» የሚለው ቃል ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ፣ ከዚያ ወደ ደረጃው ወረደ። በሚቀጥለው ሳምንት መስጊድም ሱቅም ደርሶ ጠበቀኝ። ፈረንጅ ያረዳቻት፣ እናቷን በደረቅ ዓይን የሸኘች። አንዷማ፣ «መጽሐፍ ሲበዛ እንባ ያደርቃል» አለች አሉ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ምሳ ሲቀርብለት ወደ ልጄ ክፍል ገባሁ። ሀያት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አየችኝና በእንግሊዝኛዋ፣ «ማሚ፣ አሁን አወቅሽ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ስለ አያቴ። አሁን ማውራት እችላለሁ? አባዬ ስልክ ላይ ሲያለቅስ ሰምቼው ነበር። ለማሚ እንዳትነግሪ፣ ትሞታለች አለኝ።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ኦክስጅንሽ እንዳይቆም ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ስትተኚ እየመጣሁ አይሽ ነበር» አለች።

ያኔ መጣ። እዚያው ወለሉ ላይ፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች ሳይኖሩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንገቴን አቅፋ። ጩኸቴን ሳሎን ያሉት ሰምተው ተመስገን አሉ።

ጆአን በበነጋው ጻፈችልኝ። ማወቅ መብትሽ ነበር አለች። አልመለስኩላትም። ብመልስላት የምላት ይህ ነበር፤ አዎ፣ መብቴ ነበር፤ ግን ጠይቀሽኝ፣ መልሴን ሰምተሽ፣ የኔን እናት ሞት ለአንቺ እናት ካሳ አደረግሽው። ወገኖቼ ደግሞ ሁሉን ለእኔ ብለው ሲያደርጉ እኔን ግን አልጠየቁኝም። በሁለቱ መካከል፣ በዚያች በጨቀየች ጠባብ ቦታ፣ እናቴን የምቀበልበት ቤት አጣሁ። በዚያ ላይ መናደድ እንኳ አልተፈቀደልኝም። ያን ቀን ጠዋት አሥር ምስክር ፊት፣ ይህ ስጦታ ነው ብዬ በገዛ አፌ ፈርሜ ነበርና።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬም መጻሕፍቱን እሰማለሁ፣ ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሴትየዋ የተደበቀውን አወቀች፣ ጮኸች፣ በሩን ዘጋች፤ ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል። የሚቀጥለው፣ «ከአንድ ዓመት በኋላ» ብሎ ባሕር ዳር ይጀምራል። የእነዚያ ደራሲዎች እናቶችና አያቶች ውሸት እየተነገራቸው ኖረዋልና እውነቱ ሲወጣ በዚያው ነፃነት ይመስላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን መኪና አስነሥቼ የምሄድበት ባሕር አልነበረኝም። ሰኞ ሺፍት ነበረኝ፣ ማታ ደግሞ አሚን ያለኝ ሰው አጠገብ ነው የምተኛው። የተዘለለችውን ያቺን አንድ ዓመት የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ አነብባት ነበር። እናንተስ ሞት ደብቃችኋል? የተደበቀበትን ሰው አንድ ጊዜ ጠይቁት። ከለቅሶው በኋላ ማንን ማመን እንደቻለ ጠይቁት።

ከድር ከዚያ ወዲህ በቁርአን ምሎልኛል፤ ምንም ቢሆን በሰዓቱ እነግርሻለሁ ብሎ። አምናለሁ፣ ይነግረኛል። በሳምንት አንድ ቀን ወደ አገር ቤት ይደውልና ስልኩን ዘግቶ ፈገግ ብሎ፣ «ሁሉም ደህና ናቸው» ይለኛል። እኔም ፈገግ እልለታለሁ። ሥራ ሲወጣ በሩን እዘጋና ከጦይባ ጀምሬ ለእያንዳንዳቸው እደውላለሁ፤ በራሳቸው ድምፅ ሃሎ እስኪሉኝ ድረስ ለእኔ ሁሉም ሞተዋል።